የሌላውን ሽጡ፣ የኔን አትንኩ

ዛሬስ ካልተናገርኩ አንጀቴ ያራል።

ቤቱ ጠበበን፣ ኮተቱን አውጥተን ጋራዡ ደጃፍ ላይ እንሽጠው የተባለው በሁላችንም ስምምነት ነው። የተቃወመ የለም። ሥራው ሲጀመር ግን ኮተት የሚባለው የሌላ ሰው ዕቃ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ የልጆቹን መጫወቻ ይጠቁማል። ልጆቹ የሱን አሮጌ ስፒከር ይጠቁማሉ። ወደ የራሳቸው ሲመጣ የሁሉም አፍ አንድ ነው፦ «እሱማ ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል።» እኔ መሃል ላይ ባዶ ካርቶን ታቅፌ እቆማለሁ።

እሺ፣ ይፈለጋል እንበል። ሲፈለግ ማን ያገኘዋል? ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከጓዳ በር ኋላ የታጨቀ ነገር በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። ሲታጣ ሌላ ይገዛል። አንድ ዓይነት ካቻቢቴ ሦስት ቦታ ያገኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የቻርጀሩን መሳቢያ ልንገራችሁ። ሲስቡት አይከፈትም፣ ገመዱ ተጠላልፎ ከውስጥ ይይዘዋል። በጉልበት ሳወጣው አንድ ጉንጉን ሆኖ ወጣ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት። ስልኩ ከተጣለ ዓመታት ያለፉት ቻርጀር አለ። ጫፉ የተላጠና ሽቦው የሚታይ አለ። የአዲሶቹ ስልኮች መሰኪያ በብዛት ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ዓይነት ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረትማ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ታዲያ ያ የድሮ ገመድ የሚገባበት ስልክ ከየት ይመጣል? ከሥር ደግሞ ሪሞት አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍተው ባትሪው ፈንድቶ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ያ ዱቄት ቆዳ ያቃጥላል፣ በባዶ እጅ አይነካም። ልጆች በሚከፍቱት መሳቢያ ውስጥ ነው እንግዲህ የተቀመጠው!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጎዶሎ ዕቃ ነው። ድስቱ የሌለ ክዳን። ግማሽ ጠጠሩ የጠፋ ጨዋታ። የተፈታታ መደርደሪያ አለ፣ እንጨቱ ደህና ነው፣ ብሎኑ ግን የለም። ብሎን የሌለውን መደርደሪያ ማን ይገዛል? ሲፈታ ብሎኑን በላስቲክ አድርጎ ከጣውላው ጋር በፕላስተር መለጠፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ዋጋ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ። «በስንት እንደተገዛ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። አውቃለሁ፣ ገዢው ግን አያገባውም። የሥነ ልቦናው ተመራማሪ ዳንኤል ካነማንና የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ሪቻርድ ቴለር ከባልደረባቸው ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጡ። ኩባያ የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ገደማ ሆነ። ያውም ገና አሁን እጃቸው የገባ ኩባያ ነው። እኛ ደግሞ ዓመታት አብሮን የኖረ ዕቃ ነው የምንሸጠው። ለዕቃው መሳሳቱ ይገባኛል። ግን በዚያ ዋጋ ደጃፍ ላይ ውሎ ማታ ተመልሶ ሊገባ ከሆነ ባናወጣው ይሻላል።

በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። የሕፃን የመኪና ወንበራችንን «አዲስ ይመስላል፣ እንሽጠው» አሉ። አይሸጥም! ፕላስቲኩ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ታትሞበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከተመረተ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፣ የእኛው ደግሞ አልፏል። ግጭት ያየ ወንበርም ከላይ ምንም ሳይመስል ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚወርደውን የሕፃን አልጋም አሜሪካ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ የከለከለችው ሕፃናት በክፍተቱ ተይዘው ስለሞቱ ነው። የሰው ልጅ ይተኛበታል፣ ይቀመጥበታል። ለጥቂት ሳንቲም ብዬ ይህን ለማንም እናት አላስረክብም። አሮጌ ስልክም እንደዚሁ፣ ፎቶውና መልእክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ከቤት አይወጣም። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ጭራሽ አይሸጥም፣ ቤት ውስጥም አይቀመጥ፣ እሳት ያስነሳል።

ይህን የምታነቡ የቤቴ ሰዎች፣ እናንተንም ጭምር ነው የምለው። ለየአንዳንዳችሁ ስማችሁ የተጻፈበት ካርቶን ጋራዡ በር ላይ አስቀምጫለሁ። ይቀመጥልኝ የምትሉትን እስከ ዓርብ ማታ እዚያ ክተቱ፣ ክዳኑ መገጠም አለበት። ካርቶን ውስጥ ያልገባው ቅዳሜ ጠዋት ዋጋ ይለጠፍበታል። «የኔን ለምን አወጣሽው» የሚል ካለ ከአሁኑ ይናገር።