የረር ተዳፋት ላይ ወይን ይተከል? ክርክር

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ የረር ተራራ ተዳፋት ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለወይን ጠጅ የሚሆን ወይን ቢተከል ያዋጣል? ያዋጣል የሚሉት እዚያው አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያላቸው ጡረተኛ ናቸው። አያዋጣም የምትለው የእርሻ ባለሙያ የሆነችው ጎረቤታቸው ናት።

ደጋፊ፦

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ። ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ቃሉን ግን ልብ ብሎ የሰማው ስንቱ ነው? አባቶቻችን ይህን አየር ንብረት በጤፍ ወይም በገብስ ሊጠሩት ይችሉ ነበር። የጠሩት በወይን ነው። እኛ ግን ወይን ሲባል ትዝ የሚለን ፈረንሳይ ነው።

ግቢዬ ውስጥ አጥር ላይ የተንጠላጠለ አንድ ግንድ ወይን አለኝ። ማዳበሪያ አያውቅም፣ መድኃኒት አያውቅም። በየዓመቱ ግን ዘለላውን ያወርዳል። የሚሻማኝ ወፍ ነው። የልጅ ልጆቼም ከወፉ አይሻሉም።

ከፍታው ጉዳት ነው የሚሉኝ አሉ። ለእኔ ሀብት ነው። ቀን ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሬው አሲዱን አያባክንም፤ ወይን ጠጁ ሕይወት ይኖረዋል። ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ቆዳው ይወፍራል፣ ቀለሙም ይጠነክራል። አርጀንቲና ውስጥ ሳልታ በሚባለው ክፍለ ሀገር የኮሎሜ እርሻ በ3,111 ሜትር ላይ ወይን ተክሎ ጠርሙስ ያወጣል። እኔ ከዚያ በ600 ሜትር ዝቅ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ክረምቱንም አስቤበታለሁ። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ እገርዛለሁ። በበጋው ያብባል፣ በበጋው ይበስላል። ሻጋታ የሚያመጣው ዝናብ ሲጥል ግንዱ ላይ ፍሬ የለም።

ተቃዋሚ፦

ጋሼ፣ በቃሉ ከጀመሩ እኔም በቃሉ ልጀምር። ወይና ደጋ የሚባለው ከ1,500 እስከ 2,300 ወይም 2,400 ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ደጋ ነው። አባቶቻችን ወይኑን ከመሬትዎ በታች አስቀምጠውታል። ለእርስዎ የቀረልዎ ገብስ ነው!

አሁን ወደ ቁጥሩ። ወይን ከ10 ዲግሪ በታች እምብዛም አያድግም። ስለዚህ ከየቀኑ አማካይ ሙቀት 10 ይቀነስና የተረፈው ይደመራል። የአዲስ አበባ አማካይ 16 ገደማ ነው። በቀን 6 ይተርፋል። በአምስት ወር 900። ቀዝቃዛ ናቸው የሚባሉት የወይን አገሮች ዝቅተኛው ልክ 850 አካባቢ ነው። እንግዲህ ከተማ ውስጥ ቢሆን ለጥቂት ያልፉ ነበር። ግን 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እርስዎ ተዳፋቱ ላይ ሲደርሱ ከከተማው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ቀንሷል። 5 ሲባዛ በ150 ቀን፣ 750። ወደቁ።

የአርጀንቲናው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሳልታ ከምድር ወገብ 25 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ እኛ 9። እዚያ እውነተኛ የብርድ ወቅት አለ፣ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ከዚያ ረጅም ቀን ያለው የሙቀት ወቅት ይመጣለትና ሁሉም እምቡጥ ባንድ ጊዜ ይነቃል። የእኛ ወይን አይተኛም። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ገና ይፈዛል። ለጓሮ ችግር የለውም። ለጠመቃ ግን ዘለላው ባንድ ላይ ካልበሰለ ጎምዛዛውንና ጣፋጩን አንድ በርሜል ውስጥ መጨመቅ ነው።

የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ኢትዮጵያ ውስጥ ወይን ሲተክል የመረጠው ዝዋይን ነው፤ 1,600 ሜትር ገደማ። ደጋ ጠፍቶበት አይመስለኝም።

ደጋፊ፦

እህቴ፣ ሒሳቡ ቆንጆ ነው። ግን አምስት ወር ያልሽው አንቺ ነሽ። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ስለሚያባርራቸው ይቸኩላሉ። እዚህ ማን ያባርረኛል? ሰባት ወር እሰጠዋለሁ። 5 በ210 ቀን፣ 1,050። አለፍኩ። ሜርሎና ሲራ የሚባሉት የወይን ዝርያዎች የዝዋይ ይሁኑ። እኔ ቶሎ የሚደርሱትን፣ ፒኖ ኗርንና ሻርዶኔን ነው የምተክለው።

ካስቴል ሰፊ ሜዳና የሐይቅ ውሃ ፈልጎ ነው ዝዋይ የወረደው። ለትልቅ ኩባንያ ልክ ነው። እኔ የምለው ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ነው።

ውርጭ እንደምታነሺ አውቃለሁ፣ ቀድሜ ልመልስ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፣ ወደ ታች ይፈሳል። ኅዳር ላይ ውርጭ የሚያቃጥለው ረባዳውን ነው። ይህን የአካባቢው ገበሬ ከእኔም ከአንቺም በፊት ያውቀዋል። የታችኛው ጥቁር አፈርም ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ተዳፋቱ ግን ውሃ አይዝም። ወይን እግሩ ሲረጥብ አይወድም።

ተቃዋሚ፦

የውርጩን እቀበላለሁ። የአፈሩንም።

ሰባት ወር ግን ይቁጠሩ፣ ጋሼ። ከመስከረም መጨረሻ ሰባት ወር ሚያዝያ ነው። በልጉን የት አደረጉት? መጋቢት ላይ ዝናብ ሲመጣ ፍሬዎ ስኳር ሞልቶ ቆዳው ተወጥሯል። ያኔ ይፈነዳል፣ ይሻግታል። ከክረምቱ ሸሽተው በልግ ላይ ወደቁ።

የማይታሰብ የሚመስል ግን የእውነት ችግርም አለ፤ ባሕር ዛፉ። ከዛፉ የሚወጣው ዘይት የወይኑ ቆዳ ላይ ያርፋል፣ ቅጠሉም ከዘለላው ጋር ይለቀማል። ባሕር ዛፍ አጠገብ የበቀለ ቀይ ወይን ጠጅ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እንደሚል አውስትራሊያ ውስጥ ተረጋግጧል። የእርስዎ መሬት በሁለት በኩል ባሕር ዛፍ ነው። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውን ሊያጠጡን ነው እንዴ?

አጥሩ ላይ ያለውን ወይንዎንም ቀምሼዋለሁ። ይጎመዝዛል። በዓል ስለነበር ዝም አልኩ እንጂ። በኋላ በሪፍራክቶሜትር፣ በስኳር መለኪያው፣ ስለካው ስኳሩ 14 ከመቶ ነበር። 12 ከመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ለመጥመቅ ቢያንስ 21 ያስፈልግዎታል።

ደጋፊ፦

14 ያለው እኮ ሳይበስል ስለምንቆርጠው ነው! ካልቆረጥን ወፉ ይጨርሰዋል፣ ነግሬሽ የለ። ያንቺ መሣሪያ የለካው ከፍታውን ሳይሆን የወፉን ፍርሃት ነው።

የበልጉ ነገር ግን ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። እሱን አልክድም። ባሕር ዛፉን በአንድ በኩል ማስቆረጥ እችላለሁ፤ በሌላው በኩል ያለው የጎረቤት ነው።

እስከዚያው መሬቱን ሁሉ መትከሉን ተይው። ችግኝ ለመግዛት እጄ አልተዘረጋም። 20 ግንድ ብቻ ተዳፋቱ ላይ ልትከል። ፍሬ እስኪይዝ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ጊዜ አለን። አጥሩ ላይ ላለው ደግሞ ትናንት መርካቶ ወርጄ የወፍ መረብ ገዝቻለሁ። ዘንድሮ እስከ የካቲት አይቆረጥም። ሪፍራክቶሜትርሽን ይዘሽ ነይ።