ኮሎኔሉ ሽርጥ ሲታጠቁ

ፈጣን ምግብ ቤት ገበያ ሲቀዘቅዝበት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ኩሽና አይገባም። ቀለም ቀቢ ይጠራል።

ከዚያ አንድ ቀን በሩ ላይ «አዲስ ገጽታ፣ አዲስ ጣዕም» ተብሎ ይለጠፋል። ገጽታው እውነት ነው። ጣዕሙን ግን ብታኝኩት፣ ብታላምጡት ያው የምታውቁት ነው። የተለወጠው በርገሩ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ትንሽ ወፈር ብሏል። ለዚህች ውፍረት ስንት ስብሰባ ተካሂዷል፤ መግለጫም ወጥቷል። መግለጫው ውስጥ «ደፋር»፣ «ትኩስ» እና «ወደፊት የሚመለከት» የሚሉት አይጠፉም። ፊደል በየት በኩል ወደፊት እንደሚመለከት የሚያስረዳ ግን የለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እነዚህ ዘንድ ስም የሚያወጣው የማርኬቲንግ ክፍሉ ነው። ያወጣልም፣ ከሰሌዳው ላይ።

ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን፣ ማለትም «የኬንታኪ የተጠበሰ ዶሮ»፣ በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ራሱን አሳጥሮ ኬኤፍሲ አለ። ሰው ስለ ስብና ኮሌስትሮል መጨነቅ የጀመረበት ዘመን ነበር። «የተጠበሰ» የሚለው ቃል ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ደንበኛ እንዳያባርር ተፈራ። ቃሉ ተነሳ። ዘይቱ እዚያው መጥበሻው ውስጥ ቀረ። ስታርባክስ የተባለው ቡና ቤት በ2011 «ኮፊ» የሚለውን ከነራሱ ስም ከአርማው አነሳና ባለ ዓሣ ጅራቷን ሴት ብቻዋን አስቀራት። ዳንኪን ዶናትስ ደግሞ በ2019 ዶናቱን ጥሎ ዳንኪን ሆነ። ዶናት መሸጥ አቁሞ እንዳይመስላችሁ፤ ይሸጣል። ስሙ ላይ ብቻ ነው ያፈረበት።

ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ኮሎኔሉ ናቸው። ሃርላንድ ሳንደርስ፣ የኬኤፍሲ መሥራች፣ ነጭ ሙሉ ልብስና ጥቁር ክራቫት የማይለያቸው ሽማግሌ፣ ያረፉት በ1980 ነው። በ2006 ኩባንያው ምስላቸው ያለበትን አርማ ሲያድስ ነጩን ኮት አስወለቃቸውና ቀይ ሽርጥ አስታጠቃቸው። ከሞቱ ከ26 ዓመት በኋላ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተናል። ፈረቃም ይውላል ለካ። በ2015 ደግሞ በማስታወቂያ «ተመለሱ» ተባለ። አንድ ኮሜዲያን ሆናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ተካው፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ጢም ይዘው ኖረው፣ ከሞቱ በኋላ ፊት ሲቀያይሩ ከረሙ።

ቤቱም አልቀረለትም። ማክዶናልድስ በ2009 ጀርመን ውስጥ ከቢጫው «ኤም» ጀርባ ያለውን ቀይ ቀለም ጠቆር ባለ አረንጓዴ መተካት ጀመረ። ለተፈጥሮ አካባቢ እንደሚቆረቆር ለማሳየት ነው ተባለ። ላሞቹ አስተያየት አልተጠየቁም።

ድሮ ወንበሩ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። መልእክቱም ግልጽ ነበር፦ ብላና ሂድ። አሁን ግድግዳው እንጨት ለብሷል፣ አምፖሉ ከጣሪያ ተንጠልጥሏል፣ ጥግ ላይ ሶፋ አለ። እንጨቱን ጠጋ ብላችሁ በጥፍራችሁ ብትሞክሩት ግን የእንጨት ሥዕል የታተመበት ልጣፍ ነው። ጠርዙ ላይ መላቀቅ ጀምሯል፤ የሆነ ልጅም ሥራ ፈትቶ ልጦታል።

ገንዘብ ተቀባዩዋም በስክሪን ተተክታለች። ስክሪኑ ከሰው ይረዝማል። በርገር ትነካላችሁ። «ድንች ይጨመርበት?» ይላል። «አዎ» የሚለው ሰፊ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ልክ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። «አይ» የሚለው ታች ጥግ ላይ፣ ግራጫ ሆኖ፣ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል ተደብቋል። ፈልጋችሁ አገኛችሁት እንበል። «ትልቁ መጠጥስ?» ይላል። አይ። «ጣፋጭስ?» ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው እምቢታ ላይ አፍሮ ይተወው ነበር። ይሄ አያፍርም። የምታፍሩት እናንተ ናችሁ፤ ከኋላ ሰልፈኛው ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። ስለዚህ «አዎ» ትላላችሁ። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ እድሳት ውስጥ ከልብ የታሰበበት ዲዛይን ይህች አንዲት «አይ» ብቻ ናት።

አንዳንዱ ደግሞ ወደፊት መሮጥ ሲሰለቸው ወደኋላ ይሮጣል። በርገር ኪንግ በ1999 አርማው ላይ ሰማያዊ ቅስት አዙሮ ዘመናዊ ሆንኩ አለ። በ2021 ቅስቱን አውልቆ፣ በ1969 የጀመረውን የሚመስል አርማ መልሶ ለጠፈ። ይሄም ዘመናዊነት ተባለ። የአባቱን ሰፊ ሱሪ ከሻንጣ አውጥቶ «ፋሽን ነው» የሚል ጎረምሳ ነው የሆነው። ሱሪውስ በነፃ ነው። ፒዛ ሃትም በ2019 በ1970ዎቹ የነበረውን ባለ ቀይ ጣሪያ አርማ መለሰ። ጣሪያው ለነገሩ መች ሄዶ ያውቃል? ቅርንጫፉ ተዘግቶ፣ ሌላ ሱቅ ገብቶበት እንኳን፣ አላፊ አግዳሚው በጣሪያው ብቻ የማን ቤት እንደነበረ ያውቀዋል።

እኛስ ደንበኞቹ? ከነሱ አንሻልም። በኦገስት 2025 ክራከር ባረል የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት (እሱ እንኳን ተቀምጠው የሚበሉበት ነው፣ ግን በሽታው አንድ ነው) በርሜል ተደግፎ የተቀመጠውን ሰውዬ ከአርማው ላይ አነሳ። አገር ተተረማመሰ። የኩባንያው አክሲዮን ወረደ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ አሮጌው ይመለስ አሉ። ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሰውዬው ከነበርሜሉ ተመልሶ ቁጭ አለ። ወጡ ጨው በዝቶበት ቢሆን ይህን ያህል ሰው የሚጮህ አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ ኩሽና የገባም አለ። ዶሚኖስ በ2009 መጨረሻ ላይ፣ ደንበኞች ስለ ፒዛው የተናገሩትን ክፉ ክፉውን ሰብስቦ ራሱ ማስታወቂያ አደረገው። ሊጡ ካርቶን ይመስላል። ስጎው ኬቻፕ ኬቻፕ ይላል። ሌላው ኩባንያ በጠበቃ የሚያስተባብለውን ስድብ፣ እነሱ ገንዘብ ከፍለው በቴሌቪዥን አስነገሩት። ከዚያ ሊጡንም፣ ስጎውንም፣ አይቡንም ቀየሩ። በ2010 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ያሉት ነባር ቅርንጫፎች ሽያጭ ከ14 በመቶ በላይ አደገ። ቀለም ቀቢ ሳይጠራ!

አይ፣ እሱም ተጠራ። በ2012 ዶሚኖስ አዲስ አርማ አወጣና «ፒዛ» የሚለውን ቃል ከስሙ ላይ አነሳ። ካርቶን ነው ሲባል ሰሌዳው ላይ የኖረው ፒዛ፣ ጣፈጠ በተባለ በ2 ዓመቱ ወረደ።