መርፌ ለያዘው ሰው ሥልጠና ይድረሰው

ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ስትቀመጥ ቲክቶክ የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ ኮርስ እየጨረሰች ነው። በሰው ጤና በኩል የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የወሰዱበትን ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ሆኗል። ቀና አለችና «አንተስ ከተመረቅክ ወዲህ ስንት ወሰድክ?» አለችኝ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቆጠርኩ። ሁለት። አንዱ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ የተሰጠ የሁለት ቀን ገለጻ ነው። ሌላው ስለ ሪፖርት ቅጽ አሞላል። ስለ ሕክምናው፣ ማለትም የታመመች ላም ፊቴ ቆማ «ምን ላድርጋት?» ስል ስለሚያስፈልገኝ ነገር፣ አንድም የለም።

ጎንደር ከተማና ዙሪያዋ ነው የማክመው። ጠዋት አዘዞ የወተት ላም፣ ከሰዓት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያነከሰ የጋሪ ፈረስ፣ ማታ ደግሞ «ውሻ ነከሰኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚል የጎረቤት ስልክ። (ለዚህኛው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።) ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ ዛሬ ይዞኛል። ግን መድኃኒቱ ይለመዳል፣ በሽታው መልኩን ይቀይራል፣ ትናንት እርግጠኛ የነበርንበት ነገር ዛሬ ስህተት ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አዘዞ ሦስት ዲቃላ ላሞች ያሏቸው እናት አሉ። ልጆቻቸውን ያስተማሩት ወተት ሸጠው ነው። አንዷ ላም ግቷ አብጦ፣ ወተቷ ረግቶ ደም ሲቀላቅል ይደውሉልኛል። እሄዳለሁ፣ አንቲባዮቲክ እወጋለሁ፣ ይሻላታል። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛዋ። ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያዋ። አንድ ቀን «ዶክተር፣ ይኼ ነገር ቤቴን ለመደው እኮ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ዓይን ይሆናል ብለው ጠበል ረጭተዋል። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቀየርኩ። ሁለታችንም ያለንን ነው ያደረግነው።

መላውን ያሳየኝ በቅርቡ የተመረቀ ልጅ ነው። አብሮኝ ሄደና «እማማ፣ ኦሞ አለዎት?» አላቸው። ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል በጠበጠ፤ 3 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ጤነኛ ናት ከምንላት ላም፣ ከአራቱም ጡቶች፣ ለየብቻ በአራት ሲኒ ትንሽ ትንሽ አለበ። በወተቱ ልክ የኦሞውን ውኃ ጨመረና ሲኒዎቹን አንድ ደቂቃ ያህል አዞራቸው። ሦስቱ እንደ ቀጠኑ ቀሩ። አራተኛው ወፈረ፣ ከዚያ እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ላሟ ግን ግቷ አላበጠም፣ ወተቷ ነጭ ነው፣ ትበላለች፣ ታመሰኳለች። እናትየዋ ሲኒውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። «ይኼን ነው ስንሸጥ የከረምነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ጡት ሲቆጣ ሰውነት በሽታ ተከላካይ የሆኑ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ወተቱ ይልካል። ሳሙናው እነሱን ይሰብራቸዋል፣ ከውስጣቸው የሚወጣው ዲኤንኤ ነው ወተቱን የሚያዝለገልገው። እኔም የካሊፎርኒያ ማስታይተስ (የግት በሽታ) ምርመራ የሚባለውን ተማሪ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። እሱ የሚገዛ ፈሳሽ አለው። ሥራ ስጀምር ፈሳሹ አልነበረም፣ ስለዚህ ምርመራውንም ተውኩት። ሱቅ የሚሸጥ የልብስ ሳሙና ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን እዚያ ቤት ጤነኞቹ ቀድመው ይታለባሉ፣ የታመመችው መጨረሻ። በየመሃሉ እጅ ይታጠባል። ለሦስቱም በአንድ ጨርቅ መጥረግ ቀርቷል። በሽታው ጠፋ አልልም፣ ስልካቸው ግን ቀንሷል።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። ውድም አይደለም። እኔ ጋ የሚደርስበት መንገድ ብቻ ነው ያልነበረው። በዚያ መሃል ስንት መርፌ ወጋሁ? መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ መደፋት የነበረበት ወተት ሁሉ ተደፍቷል ብዬም መማል አልችልም። ጀርሞች መድኃኒትን መላመድ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከእንደዚህ ዓይነቱ ጓሮ ነው።

አዲስ የጥናት ውጤትም የሚደርሰን እንደዚያው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የኬንያ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ እየተባለ ለዓመታት ክትባት ሲሠራበት የኖረ አንድ ዝርያ በትክክል ሲመረመር ራሱ የላምፒ ስኪን (የከብትን ቆዳ ጉብጉብ የሚያደርገው በሽታ) ቫይረስ ሆኖ እንደተገኘ፣ ቫይረሱ ለክትባት ሲዘጋጅ የተዳከመበት መጠንም ለበግና ለፍየል ቢበቃም ለከብት በቂ እንዳልሆነ ገለጸ። እኛ አገር ለላምፒ ስኪን ሲሰጥ የኖረው ክትባትም ከኬንያ የመጣው ወገን ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። ገበሬው «ከተባችሁልኝ፣ ግን በሬዬ ሰውነቱ ጉብጉብ ብሎ ታመመ» ሲለን እኮ «ቀድሞ ይዞት ይሆናል» እያልን ነበር የምንመልሰው። አንዳንዴ እውነትም ቀድሞ ይዞት ይሆናል። ግን ጥናቱን ብናውቅ ኖሮ ሰውየውን ቆም ብለን እናዳምጠው ነበር። እኔ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም በቴሌግራም ከተላከልኝ ፒዲኤፍ።

የበሽታ ወረርሽኝ ወሬም ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ከገበያ ነው። ከደምቢያ በግ ነድቶ የመጣ ሰው «እኛ ጋ በጉ በተቅማጥና በሳል እያለቀ ነው» ይላል፣ እኔ ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር የሚባለው የበግና የፍየል ወረርሽኝ) ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። እኛ ያየነውን ሪፖርት እናደርጋለን። ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ተጠናቅሮ «እዚህ ወረዳ ይህ ታይቷል፣ ተጠንቀቁ» ተብሎ ወደ ታች ሲመለስ ግን አላየሁም። አንድ አጭር መልእክት በስልክ ቢላክ ይበቃ ነበር።

ማንበቢያ ጠፍቶ አይደለም። መርክ ቬተርነሪ ማንዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1955 መታተም የጀመረው ትልቁ የሙያችን መጽሐፍ፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ኮርሶች አሉት። የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም የራሱ የጥናት መጽሔት አለው። ግን ይህ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ዳታ፣ ጊዜና እንግሊዝኛ። በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ አንረሳውም። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ሐኪሙ ይወጣው ይሆናል። ወረዳ ላይ አብዛኛውን መርፌ የሚወጋው ግን የእንስሳት ጤና ረዳቱ ነው። ለእሱ በአማርኛ የተጻፈ፣ አባ ሰንጋን አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባን አባ ጎርባ፣ ፈንግልን ፈንግል ብሎ የሚጠራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ከሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ ይበልጥበታል።

ስለ አበልም በግልጽ እንነጋገር። ሥልጠና ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወንበር ላይ ያለው ነው፣ ምክንያቱም ሥልጠና ማለት ውሎ አበል ነው። ማንንም ልወቅስ አይደለም፣ በዚህ ደመወዝ አበል ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በዓመት ሁለት ከብት የማይነካ ሰው ስለ መድኃኒት መጠን ሠልጥኖ፣ በቀን ሃያ ከብት የሚወጋው ክሊኒክ ቀርቶ፣ ሠልጥኖ የመጣው ማስታወሻውን መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈ ገንዘቡ ባክኗል። 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለ10 ኪሎ የከብት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያው ልክ 10 በመቶውን የወጋ ሰው የሰጠው ግማሹን ነው። ጠርሙሶቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ይህን ማወቅ ያለበት ማን ነው?

ዕውቀት ከብቱ አጠገብ ላለው ሰው ሲደርስ ምን እንደሚሠራ ከእኛ አገር በላይ ምስክር የለም። በክፉ ቀን ጊዜ በሬውን ጨርሶ አገሩን ያራበው የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ያው በሽታ የመጨረሻ መሸሸጊያ ካደረጋቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። በዚያ ሙቀት መኪናና ማቀዝቀዣ የማይደርስበት ቦታ ገብተው፣ ሙቀት የሚችለውን ክትባት የከተቡት ከአርብቶ አደሩ መሃል ተመርጠው አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አሁን ለደስታ መሰል በሽታም ዓለም እ.ኤ.አ. 2030ን ቀጠሮ ይዟል። ቀጠሮው የሚከበረው እንደ አፋሩ ያለ ሰው ከተዘጋጀ ነው።

ሥልጠናው ለእኛም ግዴታ ይሁን ወይ? አዎ፣ ይሁን እላለሁ። ብሪታንያ ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪም በዓመት 35 ሰዓት መማር አለበት። ጎረቤታችን ኬንያም ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ሥልጠና ትጠይቃለች። ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ትምህርቱ ይቅረብ፣ ከዚያ ግዴታው ይምጣ። ዳታ የሌለውን ልጅ ኮርስ አልጨረስክም ብሎ ፈቃድ መንጠቅ ሌላ በደል ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገንም። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። መምህራኑ አዳዲሱን ጥናት ያነባሉ፣ ራሳቸውም ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ መምህራኑ የማያዩትን በሽተኛ በየቀኑ እናያለን። በወር አንድ ዕሑድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ክፍል። ቅዳሜ አይሁን፣ ገበያ ነው፣ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። አንድ መምህር አዲስ ነገር ይንገረን፣ አንድ ባለሙያ ያቃተውን በሽተኛ ያቅርብ። የሞተበትንም ጭምር፣ ሳያፍር። የግል መድኃኒት ቤት ያላቸውም ይምጡ። የተባለው በአማርኛ በሁለት ገጽ ይጻፍና ከስልክ ስልክ በዜንደር ይተላለፍ፤ ያኔ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ዳባትና ገንዳ ውኃ ይደርሳል። አበል የለውም። ሻይ ይኑረው።

መምህራኑ ክፍሉን ይስጡን እንጂ የመጀመሪያውን ዕሑድ እኔ እይዘዋለሁ። ኦሞውንና አራት ሲኒ ይዤ እመጣለሁ፣ ወተቱን እናትየዋ እሰጣለሁ ብለውኛል።