ይድረስ ለክቡር የጌም ማዕረግ፤ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ መለየት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ እኮ አብረን ነበርን። እኔ «ሻለቃ» ነበርኩ። ጌሙ በፈረንጅኛ ሌላ ይለዋል፤ እኛ እዚህ ጅማ ሻለቃ ነው የምንለው። ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳምንቱ ሲዘጋ ኮሎኔል ለመሆን የቀረኝ አንድ ድል ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ከማዶዎቹ፣ ከጠላት ወገን ጋር በሰይፍም በድግምትም ስፋለም ከርሜያለሁ። እህቴ «ደሞዝ ይከፍሉሃል እንዴ?» ማለቱ ሰልችቷት ትታዋለች። እኔ ደግሞ፣ ሞኙ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለችው ጌም ቤት ሄጄ «ረቡዕ ጠዋት ቡና በእኔ ነው» ብዬ ለልጆቹ አወጅኩ።

የመጨረሻው ውጊያ። የማዶዎቹን ባንዲራ ነጥቄ ወደ ሰፈራችን እየሮጥኩ ነው። በሩ ታየኝ። መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ «ኧረ!» አለ። ድምፁን ታውቁታላችሁ። ሞባይሌን ባየው ባትሪው 6 በመቶ። ሻማ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ለምን እንደፈለግኩት አላውቅም፤ በሻማ አይዋጉም። መብራቱ የመጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጥሎኛል።

ጠዋት ጌም ቤቱ ሞልቷል። ቡናው ይጨሳል። አስራ ሁለት ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ከፈትኩ። «ሻምበል» ይላል። ወደ ታች! ከስሜ ጎን ደግሞ አንዲት ቀይ የፈረንጅ ቃል ተለጥፋለች። አንዱ ትንሽ ልጅ ጮክ ብሎ ተረጎማት፦ «ከጦር ሜዳ የኮበለለ ማለት ነው።»

ኮሎኔል የሆነው ማን ነው? የአስረኛ ክፍሉ ልጅ። እስከ ማክሰኞ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር የሚለቅልኝ። ረቡዕ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ እኔ ቡድኔ ውስጥ አስገባሃለሁ» አለኝ። አስገባሃለሁ! አስገባዎታለሁ አላለም። ዘጠኝ ሳምንት ተዋግቼ ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ። የቡናውን ሂሳብም ከፈልኩ።

አሁን ስማኝ፣ ማዕረግ። አንቱታው ይቅር። እኔ አልኮበለልኩም። ባንዲራው እጄ ላይ ነበር። ሮጦ የጠፋን ሰውና መብራት የጠፋበትን ሰው መለየት ካልቻልክ ምኑን ነው የምትለካው? ጀግንነት ነው ጄነሬተር? እውነቱን ንገረኝና ጄነሬተር ልግዛ። ማዶ አገር ተቀምጦ መብራቱ ዓመት እስከ ዓመት የማይጠፋበት ሰው «ጄኔራል» ይባላል፤ እኔ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩት «ኮብላይ»! የሰው ስም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይለጠፍም። ነውር ነው።

እሺ፣ ይቅርታ። ወደ አክብሮታችን እንመለስ።

አቤቱታ አስገብቻለሁ። ቅጹ «ማስረጃ ያያይዙ» ይላል። ጨለማ በምን ይነሳል? ማታ መብራቱ ዳግም ሲሄድ ጠብቄ ክፍሌን አነሳሁት። ጥቁር ነው። ላክሁት። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ምስሉ ግልጽ ስላልሆነ እባክዎ በድጋሚ ይላኩ።» እኛ እንኳ ለዚህ አዲስ አይደለንም። «ሁለቱም ጆሮ ይታይ» ተብለን ስንት ፎቶ አስነስተናል። ቢያንስ ያኔ ጆሮ ነበረን።

ቅድመ አያትዎንም አውቃቸዋለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው የኢንተርኔት ጌም ውስጥ 14 እርከን ይዘው የተሾሙት። ጌሙ ሁለት ወገን ነው፤ በአሊያንስ በኩል ጫፉ ግራንድ ማርሻል፣ በሆርድ በኩል ሃይ ዋርሎርድ። በየሳምንቱ ተጫዋቹን የሚያወዳድሩት ደግሞ ከጠላት ጋር ሳይሆን ከራስ ወገን ጋር ነበር። ጫፉ ላይ ለመድረስ ሰው በአንድ አካውንት ተራ ገብቶ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተነሳ ይጫወት ነበር። በ2006 መጨረሻ ተሻሩ። በ2019 የድሮው ጌም «ክላሲክ» ተብሎ ሲመጣ አብረው ተመለሱ። እንደ ወባ።

እርስዎም በዚህ በኩል ዘር አልሳቱም። ማዶ ያለውን ጭራቅ ስቀጠቅጥ ከርሜ የቀደመኝ ጎኔ የቆመው ልጅ ነው። ጋሻ የምሆነው ለእሱ፤ ነጥቡን የሚወስደው እሱ። ሳንጫወት ለሰነበትንበት ሳምንት ደግሞ ካለን ነጥብ ላይ አንድ አምስተኛውን ይነጥቁናል። የታመመም፣ ለቅሶ የተቀመጠም፣ ፈተና ያለበትም ምሕረት አያገኝም።

ውጊያ ለመግባት የምንጠብቀውን ወረፋ ነገር አላነሳም። ነዳጅ የተሰለፈ ይገባዋል።

እዚህ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የቆመ ንጉሥ ነበሩ። ሁላችንም የምንጠራቸው በፈረስ ስማቸው ነው፤ አባ ጅፋር። ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ። አንድም ረቡዕ ጠዋት ተነስተው «ከዛሬ ጀምሮ የበቅሎ ስም ነው ያለዎት» አልተባሉም።

ለማንኛውም፣ ልጁ ቃሉን ጠብቆ ቡድኑ ውስጥ አስገብቶኛል። ባንዲራ ግን አያስይዘኝም። «አንተ በር ጠብቅ» ነው የሚለኝ። «መብራት ቢሄድስ?»

አክባሪዎ፣
ሻምበል (እስከ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት)
ጅማ