ለአደባባይ ምስጢር የቀረበ ውዳሴ

ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ የ1980ዎቹን (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የአሜሪካ ምክር ቤት የሚስተካከል ሸንጎ እስካሁን አልተገኘም። ይህ ውለታ እንዳይረሳ በኮሜዲ ያስቀመጠልን የፊልም ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ ነው። በ2007 ለእይታ የበቃው ፊልሙ «የቻርሊ ዊልሰን ጦርነት»፣ ከቴክሳስ የተመረጡና ውስኪም ቆነጃጅትም የማይጠሉ አንድ የሕዝብ እንደራሴ የሶቪየትን ጦር ለሚወጉት የአፍጋኒስታን ታጣቂዎች፣ ለሙጃሂዲኖች፣ የተመደበው 5 ሚሊዮን ዶላር ቢያንስባቸው «እጥፍ ይሁን» ብለው በአንድ ቃል እንዳስወሰኑ ያሳያል። ሌላ ቦታ ቢሆን «ለምን?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም ነበር፤ እዚህ ግን ገንዘቡን የሚያጸድቀው የምክር ቤቱ ኮሚቴ አባላት በጨዋ ደንብ ዝም አሉ።

ሙጃሂዲኖቹን የማስታጠቁ ሥራ እጅግ ስውር ነበር። የሚያውቁት መሣሪያ ሻጮቹ ግብፅና ቻይና፣ አሜሪካ ባወጣችው ልክ የምታዋጣው ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሁሉን ተረክቦ ለወደደው የሚያከፋፍለው የፓኪስታን የስለላ ድርጅት፣ እንዲሁም ጥይቱ የሚዘንብበት የሶቪየት ጦር ብቻ ናቸው። እንዳያውቅ በእውነት የተለፋለት የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነበር፤ ይህም በ1987 ብቻ የወጣውን 630 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እያሰበ እንቅልፍ እንዳያጣ ከመነጨ አዘኔታ መሆን አለበት። ከ1986 ጀምሮ በትከሻ የሚተኮሰው ስቲንገር ሚሳኤል ሄሊኮፕተሮችን ሲያረግፍ እንኳ፣ የማን ሥሪት እንደሆነ ጠይቆ ሰው ማሳፈር ነውር ነበር።

እንደራሴው የግብፁን መከላከያ ሚኒስትር ደስ ለማሰኘት ከአገራቸው ዳንሰኛ ይዘው ካይሮ ሲገቡ ተመልካቹ ከልቡ ይስቃል፤ መሳቅም ይገባዋል፤ ሟቾቹ ሁሉ ከካሜራው ራቅ ብለው በመሞት ትልቅ ትብብር አድርገዋልና። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤም ለስውሩ ጀግና ለእንደራሴው በ1993 በአዳራሽ ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

የኮሚቴው ብስለት ግን ጎልቶ የወጣው የሶቪየት ጦር በየካቲት 1989 ከወጣ በኋላ ነው። በፊልሙ መጨረሻ እንደራሴው ለትምህርት ቤት ሥራ 1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሲለምኑ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ሲያጸድቁ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠው ሰዎች ቁጠባ የሚባል ነገር መኖሩን ያን ዕለት አስታወሱ። እንዲያውም አንደኛው በፓኪስታን ስላለ ትምህርት ቤት ማንም ደንታ እንደሌለው ተናገሩ። አገሩ አፍጋኒስታን ነበር፤ ግን ለአሥር ዓመት ገንዘብ የላኩበትን አገር ስም መርሳት ከምስጢር ጠባቂነት ሁሉ የላቀው ማዕረግ አይደለምን?

ቆጣቢነቱም ፍሬ አፈራ። ትምህርት ቤቱ ቢሠራ ኖሮ ሕንጻው እዚያው ተገትሮ ይቀር ነበር፤ ያልተተኮሱት ስቲንገሮች ግን በ1990ዎቹ ገበያ አገኙ። ከታጣቂዎቹ እጅ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ሊገዛቸው የተነሳውም ያው ያደላቸው ሲአይኤ ነው፤ መግዣውም፣ እንደ ወጉ፣ በምስጢር ተመደበ።