አንዳንድ ሰው

ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ከሰዓት የግቢ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሳሎኑን ይወርሰዋል። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይጫወታሉ። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጨዋታ ዞሮ ዞሮ ጅማ ገብቶ፣ የእናቴ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ጉብ ብሏል። አንዱ ልጅ አስማተኛ ነው፣ አንዱ ጎራዴ ታጣቂ። ወንድሜ ታሪኩን ይመራል፣ ይዳኛልም። በሆነ ባልሆነው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረውራሉ። አንድ ቀን ዳይሷ ተንከባልላ ረከቦት ሥር ገባች። እማዬ አነሳቻት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ፣ አገላብጣ አየቻትና «ጠጠር መጣል ጀመራችሁ ደግሞ?» አለች።

የእኔ ክፍል ከሳሎኑ ቀጥሎ ናት። በሩን ብዘጋም ክርክራቸውን ሳልወድ በቃሌ ይዤዋለሁ። ድግምት እንዲሁ አይለቀቅም። ርቀት አለው። የእሳት ኳስ እስከ 150 ጫማ ይሄዳል። (ይሄን ስትሰማ እማዬ «ያን ሁሉ ጫማ ለማን ልትሸጡት ነው?» ብላለች።) አስማታዊው ፍላጻ ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ አይስትም። ግን የምትመታውን በዓይንህ ማየት አለብህ። ሙሉ በሙሉ ከግድግዳ ጀርባ ያለን ሰው ዒላማ ማድረግ አይቻልም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚህች ነጥብ ተፋጠጡ። ሽፍታው ከበር ጀርባ ተደብቋል። በሩ ዝግ ነው። «አለቀ፣ አይመታም!» አለ ወንድሜ።

ይሄኔ እማዬ አቦሉን እየቀዳች፣ ዓይኗን ከሲኒው ሳትነቅል «አንዳንድ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት የታናሹን ሰርግ ይጠብቃል» አለች።

የክፍሌ በር ዝግ ነው። አላየችኝም። መታችኝ።

አሽሙር የትኛው ድግምት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የእሳት ኳስ ነው። እሱ ሰው አይመርጥም፣ ቦታ ነው የሚመርጠው። በ20 ጫማ ዙሪያ ያለውን ወዳጅም ይሁን ጠላት ይለበልባል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ መሠረት ማዕዘን ዞሮ ሁሉ ይገባል። እንደ እማዬ ነገር። እኔን ብላ የጣለችው ጎረቤታችንንም አገኛት፤ እሷም ያላገባ ልጅ አላት። ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። በጨዋታው ፈጥኖ ያመለጠ ሰው የሚደርስበት ጉዳት ግማሽ ነው። እኛ ቤት ማምለጫው ያልጮኸ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ማለት ነው። ግማሹ ግን አይቀርልህም።

ምርቃት ላይማ የእነሱ ሕግ ያሳዝናል። ቡራኬ የሚባለው ድግምት በመጀመሪያው ደረጃ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ሦስት! ጎረቤታችን አባባ ቡና ላይ ዱአ ሲያደርጉ ከጂረን ተነስተው ሳዑዲ ያለውን ዘመድ ሁሉ ያዳርሳሉ። ከፊላችን አሚን፣ ከፊላችን አሜን እንላለን። ርቀቱን የሚለካ የለም።

አሽሙር ግን አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። መልስ የሰጠ እሱ ራሱ ዒላማ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ያለ ሰው ቀሪውን ግማሽ በገዛ እጁ ይቀበላል። ይሄን እያወቅኩ በረካው ላይ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ቅድም ምን አልሽ?»

«አንተን ማን ጠራህ?» አለችኝ፣ ሲኒ እየዘረጋችልኝ። «እኔ አንዳንድ ሰው ነው ያልኩት።»

አስማተኛው ልጅ ወደ ወንድሜ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ጠየቀው፦ «ይሄ ስንተኛ ደረጃ ድግምት ነው?»