ካዛንቺስም ኮንዶሚኒየም ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሬዲዮ ሰማሁ። ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮች የሚወራበት ፕሮግራም ነው። እንግዳው «እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ብሎ ጀመረ። በልጅነቱ የዘለለውን አጥር፣ የጎረቤቱን ቡና፣ የሰፈሩን ኳስ አንድ በአንድ አወራ። ደስ ይላል። ከዚያ አዘጋጇ ስለ ኮንዶሚኒየም ሳይቶች ጠየቀችው።

«እነሱማ ሰፈር አይደሉም፤ ማደሪያ ናቸው» አለ። «ሰው ያድርባቸዋል እንጂ አይኖርባቸውም። ጠዋት ግር ብለው መጥተው ከተማውን ያጨናንቁታል፣ ማታ ተመልሰው ይሄዳሉ።»

አዘጋጇ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። የተሳፈርነው ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም ነበር።

ከቀላሉ ልጀምር። ከተማውን ያጨናነቅነው እኛ ነን? ይህ ሲባል ሚኒባሳችን መገናኛ አካባቢ ተገትሮ ነበር። ስንት ሰው እንደጫነ ትራፊክ ፖሊስ ባይሰማ ይሻላል። በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ የቤት መኪና ቆሟል፤ ውስጡ አንድ ሰው። በግራም አንድ መኪና አለ፤ ውስጡ አንድ ሰውና አንድ የኬክ ካርቶን። እኛ ተደራርበን፣ የማናውቀው ሰው ክርን ጎናችን ውስጥ ገብቶ፣ ሁላችንም የያዝነው የአንድ መኪና ቦታ ነው። መንገዱን ማን እንደሞላው ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በመስኮት ማየት ይበቃል። እንግዳውም ስቱዲዮው ድረስ በእግሩ የሄደ አይመስለኝም።

ደግሞስ ለምንድን ነው የምንመጣው? ናፍቆት ይዞን ነው? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው መሀል ነው። መርካቶ መሀል ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱም፣ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤትም መሀል ነው። ሥራውን መሀል ትቶ ቤቱን ዳር የሠራው ነዋሪው አይደለም። በ2005 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለቤት ሲመዘገብ «የትኛው አቅጣጫ ይመችሃል?» የተባለ ሰው አላጋጠመኝም። ተመዘገብን፣ ቆጠብን፣ ጠበቅን፣ ዕጣ ወጣ። የደረሰህ አራብሳ ከሆነ አራብሳ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ከሆነ ኮዬ ፈጬ ነው። ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ በኩል መጨረሻው አያት ነበር። ዛሬም አያት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።

«ያድርባቸዋል እንጂ አይኖርባቸውም» ያለው ሰውዬ አንድ ቀን የእኛን የታክሲ ሰልፍ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ገና ጨለማ ነው። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማ ታንቀላፋለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ቦርሳዋን ነካ አድርጎ ይቀሰቅሳታል። አባቷ አይደለም። በየቀኑ እዚያ ቦታ የሚቆም ሰው ነው። ከሰልፉ አጠገብ በፔርሙዝ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ማን እንደቀረ ከእሷ የሚሰወር የለም። «ነርሷ ዛሬ የለችም፤ አዳሪ ነች መሰለኝ።» «ሰውዬው ሦስት ቀን ሆነው፤ ኧረ ሰው ይጠይቀው።» ይሄ ማደሪያ ከሆነ ሰፈር ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ያናደደኝ እሱ ነውና።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከ«ሰፈረ» ነው። መጥቶ ማረፍ፣ ድንኳን መትከል፣ ቦታ መያዝ ማለት ነው። አዲስ አበባ ራሷ የሰፈሮች ድምር ናት። መኳንንቱ ሠራዊታቸውንና አሽከሮቻቸውን ይዘው መጥተው በተሰጣቸው ቦታ ሰፈሩ፤ ቦታውም በስማቸው ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር ከሰማይ አልወረደም። ሠራተኛ ሰፈር ከሌላ አገር ተነቅሎ አልመጣም። ሁሉም አንድ ቀን አዲስ መጤ ነበር። ሁሉንም አንድ ቀን ቀድሞ የሰፈረ ጎረቤት «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ብሎታል። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም፤ የሰውን ጠባይ ግን አውቃለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይህን ያለው የካዛንቺስ ልጅ መሆኑ ነው። ወንድሜ፣ ካዛንቺስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? ስሙ ጣሊያንኛ ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ ብዙ ሲሆን «ካዜ» ይላሉ። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ፣ ጣሊያን ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ የሠራቸው ቤቶች ናቸው ስሙን የሰጡት። «የኢንቺስ ቤቶች»፣ በቃ። ወደ ዛሬ አማርኛ ስንመልሰው ምን ይሆናል? የመንግሥት የቤቶች ፕሮጀክት። ሳይት!

ካዛንቺስም ኮንዶሚኒየም ነበር ማለት ነው። ፎቁ አነሰ እንጂ።

ፖፖላሬ የሚባለው ሰፈርም ያው ነው። እሱም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው። ሰው «የፖፖላሬ ልጅ ነኝ» ብሎ ደረቱን ሲነፋ የሚለው እኮ «የኮንዶሚኒየም ልጅ ነኝ» ነው። ማንም አያፍርበትም፤ ማፈርም የለበትም። ታዲያ «የአራብሳ ልጅ ነኝ» ሲባል ምኑ ነው የሚያስቀው?

ካዛንቺስን ሰፈር ያደረገው ጣሊያን አይደለም። የቤቶቹ ጥራትም አይደለም። ጊዜ ነው። እናቶች ናቸው። ልጅ ተወለደ፣ ሰው ሞተ፣ እድር ተቋቋመ፣ አንዱ የአንዱን ልጅ ቀጣ፣ ኳስ የሰው መስኮት ሰበረ። ሰማንያ ዓመት አለፈ። ለካዛንቺስ ሰማንያ ዓመት ስንሰጥ ለአራብሳ አስር ዓመት እንኳ መታገሥ ያቃተን ለምንድን ነው? ችግኝ ተክሎ በማግስቱ «ጥላ የለውም» የሚል ሰው የከተማ ተንታኝ ተብሎ ሬዲዮ ላይ ይቀርባል።

ስለ እድር ካነሳሁ የራሳችንን ልንገራችሁ። እኛ ብሎክ መጀመሪያ ላይ አንተዋወቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር የምንነጋገረው በውኃ ሞተር ስንጣላ ብቻ ነው። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አዛውንት አረፉ። ሬሳ ሳጥኑን ይዘው ሲወርዱ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። ደረጃው ጠባብ ነው። ያን ደረጃ የነደፈው ሰው ሰው እንደሚሞት ያሰበ አይመስልም። ቤተሰቡ ተጨነቀ። በሞተር ምክንያት ለሁለት ወር የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶቼ በራቸውን ከፍተው ወጡ። አንደኛው ከታች ተሸከመ፣ ሌላኛው ከላይ ያዘ። «ቀስ፣ ወደ አንተ፣ ቀና አድርገው፤ አይዞህ» እየተባባሉ አዞሩት። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተተከለ። በሳምንቱ እድር ተቋቋመ። ዛሬ ዳኛው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሌላኛው ገንዘብ ያዥ። አሁንም በሞተር ይጣላሉ።

ይህን እንግዳው ከየት ያውቀዋል? መጥቶ አያውቅም። መምጣት ቢፈልግም ይቸገር ነበር። በአፕ የሚጠራ ታክሲ ማታ ወደዚህ ማስመጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሾፌሩ ይደውላል፤ «የት ነው የምትሄደው?» ይላል። «አራብሳ» ስትለው ወዲያው ኔትወርክ ይጠፋበታል። የአዲስ አበባ ኔትወርክ አራብሳ የሚለውን ቃል ሲሰማ ነው መሰለኝ የሚቋረጠው።

ጅብ ይጮኻል ይሉናል። አዎ፣ ይጮኻል። ውኃ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ እሱም እውነት ነው፤ ጀሪካን ስንሞላ እናነጋለን። እኛ ራሳችንም መርካቶ ስንሄድ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» እንላለን። ይህን ያህል እቀበላለሁ። ከዚህ በላይ አልቀበልም።

ደግሞ መናናቁ ደረጃ አለው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ «ጀሞ? እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል?» ይባል ነበር። ሰው ቤት ደርሶት ለዘመድ ለመናገር ያፍር ነበር። ዛሬ ጀሞ ካፌ በካፌ ነው፤ የኪራዩን ነገር ደላላ ይንገራችሁ። የጀሞ ሰው ታዲያ ምን ይላል? «ኮዬ? እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል?» የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ እኮ ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር። የዚያን ጊዜ ቦሌ ማለት ዳር ነበር። አሁን የቦሌ ልጅ ማለት ማዕረግ ሆኗል።

አንድ ጎረቤት አለን፣ ቅሬታ ቢያሰማ አፌን ይዤ የምሰማው። ገበሬው ነው። እነዚህ ብሎኮች የቆሙት እሱ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። የኮዬ ፈጬ ዕጣ በየካቲት 2011 ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ሰው አደባባይ የወጣው በከንቱ አልነበረም። ቁልፍ የተቀበልነው እኛ ነን፤ መሬት የለቀቀው እሱ ነው። ይህን ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር ነው። ሬዲዮ ላይ ግን እሱ አልተጠራም። የተጠራው መገናኛ ላይ መንገድ የተዘጋበት ሰው ነው። ከሁለቱ ጎረቤቶቻችን የሚጮኸው ያልተነካው ነው።

የሆነ ሆኖ መሀሉ ራሱ ወደ እኛ እየመጣ ነው። በ2016 ፒያሳ ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። እንግዳው ያ ሁሉ ትዝታ አለኝ ያለበት ሰፈር ሲነሳ ሕዝቡ የት ሄደ? ቦሌ ሄደ? ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ዳር ነው የመጣው። ቡናውም፣ እድሩም፣ የአጥር ዝላዩ ወሬም አብሮ ተጫነ። ሰውዬው ካዛንቺስ ብሎ የሚናፍቀው ነገር ዛሬ አድራሻው የብሎክ ቁጥር ነው።

እኛ ብሎክ ምድር ቤት አንዲት እናት አሉ። ከዚያው ከካዛንቺስ ነው የመጡት። ቅዳሜ ማታ ስመለስ በራቸው ላይ ከሰል እያያያዙ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ማደሪያ እንደተባልን፣ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ እንዳለ፣ ሁሉንም።

አልተናደዱም። ማራገቢያውን አቆሙና ቀና አሉ።

«ካዛንቺስ የቱ ጋ?»

«እሱን አልተናገረም፣ እማማ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም።»

«ጠይቅልኝ እስቲ» አሉ ከሰሉን መልሰው እያራገቡ። «እናቱን ሳላውቃት አልቀርም። ምናልባት እዚሁ ትሆናለች።»